ፀጉሬን እንደ ተፈጥሮው ልተወው ብል ከሁሉም ወገን ወቀሳ መጣብኝ

ደብዳቤው፦

«ጤና ይስጥልኝ እህቴ። የ27 ዓመት ወጣት ነኝ። በቤተ ክርስቲያናችን ከመዘምራኑ አንዷ ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ፀጉሬን በሪላክሰር ነበር የማስተኛው። ከ14 ወር በፊት በቃኝ ብዬ ተውኩት። ከዚያ ወዲህ ግን ሰላም የለኝም። ደርቆ እያበጠርኩት መሃሉ ላይ ይበጠሳል። በየሁለት ሳምንቱ ስታጠብ የወደቀውን ነጭ ፎጣ ላይ እያስቀመጥኩ እቆጥራለሁ። ባለፈው ከ200 በላይ ሆነብኝና አለቀስኩ። ከመዘምራኑ አንዷ ታላቅ እህት ‹ይሄ ጎፈሬ ዝማሬውን ትተን አንቺን እንድናይ ነው የሚያደርገን፤ ጴጥሮስ ያለውን አንብቢ› አለችኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ፀጉር ማስተኛት የፈጣሪን ሥራ መናቅ ነው ባይ ናት። እማዬ ‹ያልተበጠርሽ ትመስያለሽ› ትለኛለች። ከአራት ወር በኋላ ሰርጌ ነው፤ ለዚያ ቀን መልሰሽ አስተኚው ብላ ይዛኛለች። እሑድ ጠዋት ከፀጉሬ ጋር ስታገል ጸሎት ያመለጠኝ ጊዜ አለ። ስለ ፀጉር መጸለይስ ነውር ነው? ምን ትመክሪኛለሽ? (አናቴ ላይ የሚያሳክክና ሳሳ ያለ ቦታ አለ፤ እሱ ግን ከጭንቀት ይሆናል።)»

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

ከቀላሉ ልጀምር። 200 ፀጉር አያስለቅስም። ጤነኛ ራስ በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ይጥላል። ፀጉሯ ሉጫ የሆነ ሴት ትራሷ ላይም ልብሷ ላይም እየጣለችው ስለምትሄድ ልብ አትለውም። ያንቺ ግን ጥቅልል ነው። ከሥሩ የለቀቀው ፀጉር መሬት አይወርድም፤ ከጎኑ ካለው ጋር ተጠላልፎ እዚያው ይቆያል። በምትታጠቢበት ቀን የሁለት ሳምንቱ አንድ ላይ ይወጣል። እንዲያውም 200 ትንሽ ነው። ጌታ በማቴዎስ 10፥30 የራሳችሁ ፀጉር ሁሉ ተቆጥሯል ያለው መከራ ለሚጠብቃቸው ደቀ መዛሙርት ነበር፣ እንዳይፈሩ። ቆጠራው ባለቤት አለው፤ አንቺ ተዪው።

ከብዛቱ ይልቅ ዓይነቱን እዪ። ከፎጣው ላይ አንዱን አንሺና ወደ ብርሃን አቅርቢው። በአንዱ ጫፍ በጣም ትንሽ ነጭ እብጠት ካለበት፣ ዕድሜውን ጨርሶ በራሱ ጊዜ የወደቀ ነው። ነጭ ነገር የሌለው አጭር ቁራጭ ከሆነ ግን ተበጥሷል። ሁለቱንም ታገኛለሽ። አጫጭሩ ከበዛ ሥራ አለብሽ ማለት ነው።

መሃሉ ላይ ለምን እንደሚበጠስ ግን ከደብዳቤሽ ያስታውቃል። ፀጉር በወር በአማካይ 1 ሴንቲሜትር ገደማ ያድጋል። እንደ ያንቺ ያለው ከርዳዳ ፀጉር ከዚያ ትንሽ ዝቅ ይላል። በ14 ወር ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር አዲስ ፀጉር አብቅለሻል። ከዚያ በታች ያለው ሪላክሰር የነካው አሮጌው ነው። ሪላክሰር ፀጉርን የሚያስተኛው ጥቅልሉን የያዘለትን የውስጥ ማያያዣ በጣጥሶ ነው። እሱ ደግሞ በትሪትመንትም በቅባትም አይመለስም። አዲሱ ይጠቀለላል፣ አሮጌው ተኝቶ ይቀራል። የሚገናኙበት ቦታ ከሁሉም ደካማው ነው። ማበጠሪያ በገባ ቁጥር እዚያ ላይ ይቆረጣል። በደረቁ ስታበጥሪው ደግሞ ባሰ።

ስለዚህ መንገዱ ሁለት ነው። ወይ አሮጌውን አንዴ ቆርጠሽ ትገላገያለሽ፣ ወይ በየሁለት ወሩ ጫፍ ጫፉን እየቀነስሽ ታስጨርሺዋለሽ። እኔን ከጠየቅሽኝ ቁረጪው እልሻለሁ። አጥብቀሽ የያዝሽው ርዝመት ለማንኛውም እየተበጠሰ ነው። ግን ራስ ያንቺ ነው፤ ዝግጁ ካልሆንሽ ቀስ ብለሽ ሂጂ። አጠር ማለቱ ደግሞ እንዳያስደነግጥሽ። ጥቅልል ፀጉር ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ሲሳብ ካለው ርዝመት ከግማሽ በላይ ሊያጥር ይችላል። 10 ሴንቲሜትር አብቅለሽ 4 ቢመስል አልቀነሰም፤ ተጠቅልሎ ነው።

አንዷ ተነስታ «ጳውሎስ ረጅም ፀጉር ለሴት ክብሯ ነው ብሏል» እንደምትልሽ አውቃለሁ። ብሏል፤ 1ኛ ቆሮንቶስ 11፥15። ያ ምዕራፍ የሚናገረው በጉባኤ ውስጥ ስለ ሥርዓትና ስለ አክብሮት ነው። የተጎዳ ጫፍ የምትቆርጥ ልጅን ለመውቀሻ አልተጻፈም። ዘኍልቍ 6ን ክፈቺ። ወንድም ሆነ ሴት የናዝራዊነት ስእለት ሲሳል ፀጉሩን ያሳድጋል፤ ዘመኑ ሲፈጸም ደግሞ ራሱን ተላጭቶ ፀጉሩን እሳት ውስጥ ይጥላል። ሴቷም ጭምር። ማሳደጉም መላጨቱም ለእግዚአብሔር ነበር። ጳውሎስ ራሱ ስእለት ስለነበረበት ክንክራኦስ ላይ ፀጉሩን ተቆርጧል፤ ሐዋርያት ሥራ 18፥18 ላይ አለልሽ።

አሁን ወደ አያያዙ። ጥቅልል ፀጉር ለምን ቶሎ ይደርቃል? ራስሽ ቆዳ ላይ የሚመነጨው ወዝ በሉጫ ፀጉር ላይ ቁልቁል ይወርዳል። ባንቺ ላይ ግን በየመታጠፊያው እየተያዘ ጫፍ ሳይደርስ ይቀራል። ፀጉሩ ራሱም ክብ አይደለም፣ ጠፍጠፍ ያለ ነው፤ የሚታጠፍበት ቦታ ሁሉ ለመበጠስ ቅርብ ነው። ማለቴ፣ ሰንፈሽ አይደለም የሚደርቀው። ሲፈጠርም እርጥበት ከውጭ የሚፈልግ ዓይነት ነው።

በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ መታጠብ ይበቃሻል። ሻምፖውን ቆዳሽ ላይ እሺው፤ ፀጉሩን የሚወርደው አረፋ ያጥበዋል። ከዚያ ኮንዲሽነር በደንብ፣ በተለይ ጫፉ ላይ። ማበጠር ያለብሽ ያኔ ነው፣ ፀጉርሽ ርጥብ ሆኖ ኮንዲሽነሩ ሳይታጠብ። ለአራት ወይም ለስድስት ክፈዪው። መጀመሪያ በጣትሽ ቋጠሮውን ፍቺ። ከዚያ ጥርሱ ሰፊ በሆነ ማበጠሪያ ከጫፍ ጀምረሽ ትንሽ ትንሽ እያልሽ ወደ ሥሩ ውጪ። ከሥር ጀምረሽ ከጎተትሽው ቋጠሮዎቹን ሁሉ ወደ ታች ሰብስበሽ አንድ ትልቅ ቋጠሮ ታደርጊያቸዋለሽ። የ«ጠሽ» ድምፅ ከሰማሽ ቁሚ። አዲሱና አሮጌው ፀጉር የሚገናኙበት ጋ ስትደርሺ ከበላዩ በጣቶችሽ ያዝ አድርጊው፣ ጉልበቱ ወደዚያ እንዳይሄድ።

የተበጠረውን ክፍል ለሁለት ከፍለሽ ጠምዝዢና ወደሚቀጥለው እለፊ። ስትጨርሺ ኮንዲሽነሩን ታጠቢና ፀጉርሽ እንደረጠበ የማይታጠብ ኮንዲሽነር ቀቢ፣ በላዩ ጥቂት ዘይት። ቅደም ተከተሉን አትቀያይሪው። ዘይት እርጥበት አይሰጥም፤ ያለውን ነው የሚይዘው። በደረቅ ፀጉር ላይ ዘይት መደራረብ ድርቀቱን ማሸግ ነው። የኮኮናት ዘይት ወደ ፀጉሩ ውስጥ ስለሚገባ ከመታጠብሽ በፊት ብትቀቢው ይጠቅማል። ስለ ጉሎ ዘይት የሚወራው ብዙ ነው፤ ፀጉርን ያወዛል፤ ያሳድጋል ለሚለው ግን በቂ ማስረጃ የለም። ማታ ሳቲን ሻሽ እሰሪ ወይም የትራስ ልብሱን በሳቲን ቀይሪ። ጥጥ እርጥበቱን ይመጥጥብሻል፣ ፀጉሩንም ይፈትገዋል።

ሹሩባ ጥሩ ማረፊያ ነው። ግን ሲሠራ የሚያምሽ፣ ግንባርሽ ዳር ትናንሽ ብጉር የሚያወጣ፣ ሌሊት አላስተኛ የሚል ሹሩባ ፀጉር ይነቅላል። የግንባር ዳር ፀጉር በመጎተት ሲሄድ መጀመሪያ ላይ ይመለሳል፤ ሲቆይ ግን ለዘለቄታው ይቀራል። «ትንሽ ላላ አድርጊልኝ» ማለት አይከብድሽ። ከሁለት ወር በላይም አታቆዪው።

እንግዲህ ወደ ታላቋ እህት። 1ኛ ጴጥሮስ 3፥3 በውጭ የሆነ ሽልማት አይሁንላችሁ ሲል ፀጉር መሸረብን፣ ወርቅ ማንጠልጠልን፣ ልብስ መጎናጸፍን አብሮ ይጠራል። ቃል በቃል ይከልክል ካልን ልብስም ልናወልቅ ነው! ሐዋርያው የሚናገረው አንዲት ሴት ክብሬ ይህ ነው ብላ ስለምትደገፍበት ነገር ነው። በዚያ ዘመን ባለጸጋ የሮም ሴቶች ፀጉራቸውን በእሳት በጋለ ብረት የሚጠቀልሉላቸው ባሪያዎች ነበሯቸው። 1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥9 ላይ ዕንቁና ዋጋው ውድ የሆነ ልብስ ከሹሩባ ጋር የተጠራው ለዚህ ነው። የሀብት ትርኢት ነበር። አንቺ ራስሽ ላይ የበቀለውን ይዘሽ መቆምሽ ከዚያ ጋር ምን አገናኘው?

ያም ሆኖ እህትሽን አትናቂያት። ምናልባት ልብሽን እየጠየቀች ይሆናል፣ አነጋገሯ ባያምርም። አንድ ጊዜ ብቻሽን ሆነሽ መልሺላት፦ ዝማሬ ላይ ስቆም ስለ ፀጉሬ ነው የማስበው? ካልሆነ በእርጋታ «ፀጉሬ እንዲህ ነው የሚበቅለው፣ ንጹሕ አድርጌ እይዘዋለሁ፣ ጸልዪልኝ» በያት። ጎፈሬሽ ከኋላሽ የምትቆመውን ዘማሪ መሪውን እንዳታይ ከጋረዳት ግን ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ወደ ኋላ ረድፍ ዞር በይላት።

የጓደኛሽ ነገር ነው ይበልጥ ያሳሰበኝ። ጥሩ ስለሚመስል። መዝሙረ ዳዊት 139፥14 ግሩምና ድንቅ ሆኜ ተፈጥሬአለሁ ይላል፤ አሜን። ጥቅልል ፀጉር አሳፋሪ ነው ተብለሽ ካደግሽ ይህ ቃል ያንን ሐሰት ያፈርሰዋል። በመኃልየ መኃልይ 5፥11 ሙሽራዪቱ የውዷን ውበት ስትዘረዝር ቁንዳላው እንደ ቁራ ጥቁር ነው ብላ ታወድሰዋለች። ነገር ግን ከዚህ ተነስቶ «ፀጉሯን ያስተኛች ፈጣሪዋን ናቀች» ማለት ሌላ ቀንበር ነው። ሪላክሰሩን ጥለሽ በምትኩ አዲስ ሕግ አትሸከሚ። በሮሜ 14፥3 የሚበላ የማይበላውን አይናቅ፣ የማይበላውም በሚበላው አይፍረድ ይላል። እኔ ይህን ቃል ለፀጉርም እወስደዋለሁ። ጎፈሬዋን ያቆመችው ያስተኛችውን አትናቅ። ያስተኛችውም በባለ ጎፈሬዋ ላይ አትፍረድ። በሁለቱም በኩል ፀጉርን የመንፈሳዊነት መለኪያ ያደረገ ሰው ተሳስቷል። አቤሴሎም በዓመት አንዴ የሚቆርጠው ፀጉር 200 ሰቅል ይመዝን ነበር፤ ከ2 ኪሎ በላይ ማለት ነው። በአባቱ ላይ ከመሸፈት አላዳነውም።

ሪላክሰርን ለመተው የተሻለ ምክንያት አለሽ፤ እሱም ጤና ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጡት ጥናት 33,497 ሴቶችን ለ11 ዓመት ገደማ ተከታትሏል። ጥናቱን ከመጀመራቸው በፊት በነበረው ዓመት ከ4 ጊዜ በላይ ፀጉር ማስተኛ ኬሚካል የተጠቀሙ ሴቶች እስከ 70 ዓመታቸው በማህፀን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው 4.05 በመቶ ሆኖ ተገምቷል። ጨርሶ ላልተጠቀሙት 1.64 በመቶ ነው። ካንሰሩን ያመጣው ኬሚካሉ ነው ብሎ አላረጋገጠም፤ ተያያዥነት ነው ያሳየው። ስላለፈው አትሸበሪ፣ ዕድሉ አሁንም ትንሽ ነው። ግን ሰውነታችን ቤተ መቅደስ ነው ብለን የምናምን ሰዎች እንዲህ ያለውን ነገር ሰምተን ማለፍ የለብንም።

የእሑዱን ነገር ባጭሩ፦ የፀጉር ቀንሽን ወደ ሌላ ምሽት አዛውሪው። ቅዳሜም አታድርጊው፣ ከረፈደ እሑድን ይነካል። እሑድ ጠዋት የሚቀርሽ ጥምዝምዙን ፈትቶ መውጣት ብቻ ይሁን። አንዳንድ ቀን ጥሩ አይወጣም። አስሪውና ሂጂ። ስለ ፀጉር መጸለይስ ነውር ነው ወይ ላልሽው፣ የሚያስለቅስሽን ነገር ለማን ልትነግሪው ነው? ጌታ ስትጦም ራስህን ተቀባ፣ ፊትህንም ታጠብ ብሏል፤ ማቴዎስ 6፥17። ራስን መያዝ ከጸሎት ጋር አይጣላም። እያበጠርሽ ለሰው መጸለይም ትችያለሽ፤ እጅ ነው የሚሠራው፣ ልብ ነፃ ነው።

እናትሽ ጋ እንሂድ። ቃላቸው እንዳቆሰለሽ ገብቶኛል። ግን አስቢው፤ ለዓመታት ፀጉርሽን ሲንከባከቡ «የተስተካከለ» ማለት የተኛ ማለት ነው ብለው ነው። በሰርግሽ ቀን ሰው ልጃቸውን አይቶ «ምነው?» እንዳይል ይፈራሉ። አትከራከሪያቸው። አንድ የመታጠቢያ ቀን አጠገብሽ ይቀመጡ፣ ኮንዲሽነር የያዘውን ፀጉር በእጃቸው ይንኩት። ከዚያ አብራችሁ ሞዴል ምረጡ፤ ወደ ላይ የተሠራ ጥምዝምዝ፣ ከፊት ሹሩባ ከኋላ ጎፈሬ፣ ብዙ አለ። እናትን ማክበር መስማትና በትሕትና መመለስ ነው፤ ሪላክሰር መቀባት ድረስ አይሄድም።

ያን ቀን ራስሽ ፀጉሬ ተኝቶ ልየው ካልሽ ደግሞ ኃጢአት የለበትም። በሙቀት አንዴ ማስተኛት ይቻላል። ታጥቦ ሙሉ በሙሉ የደረቀ ፀጉር፣ ሙቀት መከላከያ፣ መጠነኛ ሙቀት፣ በእያንዳንዱ ዘለላ ላይ አንዴ ብቻ። ርጥብ ፀጉር ላይ ካውያ እንዳይነካ። ሪላክሰር ግን አሁን እንዳታስቢው። አሮጌው ላይ ሲደገም እየተቆራረጠ እጅሽ ላይ ሊቀር ይችላል። «ኬራቲን» ብለው የሚያቀርቡልሽን የፀጉር ማስተኛም ጠይቀሽ ነው። ብዙዎቹ ሲሞቁ ፎርማልዴሃይድ ይለቃሉ፤ እሱ ደግሞ ካንሰር አምጪ ተብሎ የተመዘገበ ነው። የመረጥሽውን ሞዴል ከሰርጉ አንድ ወር ቀደም ብለሽ ሞክሪው፣ በዕለቱ ፀጉር ሰሪዋ አዲስ ነገር እንዳትጀምርብሽ።

የቀረኝ በቅንፍ ያስገባሽው ነው። በቅንፍ የሚገባ ነገር አልነበረም። አናት ላይ የሚያሳክክ፣ የሚያቃጥል ወይም ሲነኩት የሚያም፣ ፀጉሩም የሳሳ ቦታ ከጭንቀት ነው ተብሎ አይታለፍም። ፎረፎር ሊሆን ይችላል። ግን ከአናት ጀምሮ ወደ ዙሪያው የሚሰፋ፣ የፀጉሩን ሥር ወደ ጠባሳ የሚለውጥ በሽታም አለ፤ ጥቁር ሴቶችን ነው በብዛት የሚይዘው። ጠባሳ በሆነበት ቦታ ፀጉር አይመለስም። ቀድሞ ከተያዘ ግን እንዳይስፋፋ ማቆም ይቻላል። ስለዚህ ከመቁረጡም ከሰርጉም በፊት የቆዳ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ያዢ። ጸልየሽበት ከሆነም ያዢ፤ ሉቃስም ሐኪም ነበር። ስትሄጂ ሹሩባ ፈትተሽ፣ ቅባት ሳትቀቢ ሂጂ፣ ቆዳው እንዲታይ። ማሳከኩ መቼ እንደጀመረ፣ የመጨረሻው ሪላክሰር መቼ እንደነበር፣ ከቤተሰብ ተመሳሳይ ነገር ያለበት ካለ ጽፈሽ ያዢ። ቦታውን ዛሬ ፎቶ አንሺው፤ ከወር በኋላ ሐኪሙ የሚያወዳድረው ነገር ይኖረዋል።